ባንዱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ቤት ውስጥ መቅዳት፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ትራክ እንዲገባ ምን ያስፈልጋል?

ጉለሌ_ክራር | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች፣

አምስት ልጆች ነን። ክራር (እኔ ነኝ)፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት። ስቱዲዮ በሰዓት ከፍለን ስንገባ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ይጨናነቃል፤ ቤት ስንለማመድ ግን ያምርልናል። ስለዚህ ልምምዳችንን እዚያው በላፕቶፔ ልቅዳው ብዬ ተነሣሁ። ባለ 12 ቻናል ሚክሰር አለኝ፣ ዩኤስቢም አለው። ማይኮቹን ሁሉ ሰክቼ፣ ዩኤስቢውን ላፕቶፑ ላይ አስገብቼ (ዊንዶውስ ነው) ሪከርድ ስል ሁሉም ነገር ተጨፍልቆ አንድ ስቴሪዮ ትራክ ይሆናል። ስምንት ትራክ ከፍቼ ስሞክር ስምንቱም ላይ ያው አንድ ዓይነት ድምፅ ይገባል። ከበሮው ከበዛ በዛ ነው፣ በኋላ መቀነስ የለም።

ፕሮግራም ልቀይር? ወይስ ሚክሰሩ ላይ የሚነካ ነገር አለ? ሻጩ «በዩኤስቢ 12ቱንም ይቀዳል» ብሎኝ ነበር።

ባለገመዱ | ሰኞ ማታ 3፡15

ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም፣ ተወው። የሚክሰርህን ሞዴል ባትጽፈውም አናሎግ መሆኑ ያስታውቃል። በእነዚህ ሚክሰሮች 12ቱ ቻናሎች መጀመሪያ እዚያው ውስጥ ይደባለቃሉ፤ ግራና ቀኝ ሆነው ከተጠናቀቁ በኋላ ነው ዩኤስቢው የሚያገኛቸው። ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። መቶ ትራክ ብትከፍት ያው ሁለቱ ይባዛሉ። ማኑዋሉን ገልጠህ ስለ ዩኤስቢው የተጻፈውን እይ፤ «2 በ 2» (ሁለት ገቢ፣ ሁለት ወጪ) ካለ አለቀ። አንዳንዱማ ዩኤስቢው ፍላሽ ተሰክቶበት ሙዚቃ ለማጫወት ብቻ የተሠራ ነው።

ሻጩም ዋሸ አይባልም፤ 12ቱም ይቀዳሉ፣ ተጨፍልቀው።

ለዛሬ ማታ የሚሆን ዘዴ ልስጥህ። የድምፃዊቷን ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ቁልፍ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የቀረውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙረው። ከቀዳህ በኋላ ስቴሪዮውን ለሁለት ሞኖ (ነጠላ ቻናል) ክፈለው። ቢያንስ ድምፅና ሙዚቃው ተለያዩ። በዚህ ሚክሰር ከዚህ አልፈህ መሄድ የምትችለው በየቻናሉ ኢንሰርት ወይም ዳይሬክት አውት የሚባል ቀዳዳ ካለው ነው፤ ያኔም ከዚያ የሚወጣውን የሚቀበል ብዙ መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ትፈልጋለህ።

ሾላ_ልጅ | ሰኞ ማታ 4፡02

ልጁን ለምን ታስጨንቁታላችሁ? የተደባለቀ ዘፈን የሚለዩ የኤአይ ፕሮግራሞች እኮ ሞልተዋል። እሱ ካልተመቸው ርካሽ የዩኤስቢ ማይክ አራት አምስት ገዝቶ አንድ ሃብ ላይ መሰካት ነው። ያም ካልሆነ ስልክ የሌለው የለም፤ ሁሉም ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ይቅዳ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ ከዚያ ጭብጨባውን እያስተካከሉ መደርደር። ካርድ ምናምን አያስፈልግም።

ቤቲ_ሚክስ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ሾላ ወንድሜ፣ ሦስቱንም ልመልስልህ።

ኤአዩ፦ አብዛኞቹ ዘፈኑን በአራት ነው የሚከፍሉት፤ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝ እና «ሌላ»። የሠለጠኑትም በብዛት በፈረንጅ ባንድ ነው። ክራሩ፣ ማሲንቆውና ዋሽንቱ ተያይዘው «ሌላ» ውስጥ ይገባሉ። እሱ የሚፈልገው ደግሞ እነሱኑ መለየት ነው። ድምፃዊቷን ለማውጣት ይጠቅመው ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ባለገመዱ የነገረው የፓን ዘዴ ይሻላል።

የዩኤስቢ ማይኮቹ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ስለሚያቃጥል ትንሽ ልዘርዝር። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ማይክ የራሱ ሰዓት አለው። ሁሉም በሰከንድ 48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) እወስዳለሁ ይላል እንጂ ውስጡ ያለችው ክሪስታል ከሌላው ማይክ ክሪስታል ጋር ፍጹም እኩል አትሄድም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ነው እንበል። በሰከንድ 2.4 ናሙና፣ በደቂቃ 3 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ሲያልቅ 15 ሚሊሰከንድ ተራርቀዋል፤ አንድ ሰዓት ሳታቋርጡ ብትቀዱ 180። መጀመሪያ ያጨበጨባችሁት ጭብጨባ መጀመሪያውን ብቻ ያገጣጥማል።

15 ሚሊሰከንድ ምን አላት እንዳትለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆናችሁ ከበሮው በአምስቱም ማይክ ይገባል። ያው ምት አምስት ቦታ ተቀድቶ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የከበሮው ሆድ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ምቱ እየተደራረበ ሁለት ሰው የሚመታ ይመስላል። ይህንን በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያስተካክለው) የሚያድን ሰው አላየሁም።

በዊንዶውስ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። ስታይንበርግ በ1997 ያወጣው አሲዮ የሚባለው የድራይቨር (ካርዱን ከፕሮግራሙ የሚያገናኝ) ሥርዓት ነው ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው፤ አብዛኞቹ የቀረፃ ፕሮግራሞች ግን በአንድ ጊዜ አንድ የአሲዮ ድራይቨር ብቻ ነው የሚከፍቱት። አሲዮ ፎር ኦል የተባለው ነፃ ድራይቨር የተለያዩ ዕቃዎችን እንደ አንድ አድርጎ ሊያሳይህ ይችላል። ሰዓታቸውን ግን አያስታርቅም።

ስልኮቹ፦ ከእጅ አይሻል ዶማ። የግድ ከሆነ መጨረሻም ላይ አጨብጭቡ፤ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለው ርዝመት እኩል እስኪሆን ትራኩን ትለጥጠዋለህ። ለቃለ መጠይቅ ይሆናል። ለእስክስታ አይሆንም።

ሾላ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡10

እሺ እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። የሃብ ንግዴን ዘጋሁ 😄

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ ከሰዓት 11፡20

ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። ቤቲ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ለማክ ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። ማክ ላይ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። እዚያ ውስጥ «አግሪጌት ዲቫይስ» ፈጥራችሁ ሁለት ሳውንድ ካርዶችን እንደ አንድ ማስቆጠር ትችላላችሁ። አንዱን የሰዓት መሪ አድርጉት፣ በሌላው ላይ «ድሪፍት ኮሬክሽን» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ሲስተሙ የተከታዩን ናሙናዎች በየጊዜው እያስተካከለ ከመሪው ጋር ያስኬደዋል። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መዘምራን በዚህ መንገድ እቀዳ ነበር፣ ከበሮውም ጸናጽሉም ልክ ይመጣ ነበር።

አሁን ግን ትቼዋለሁ። የተሻለው አዳት በሚባለው የኦፕቲክ ገመድ ማገናኘት ነው። የአዳት መግቢያ ያለው ካርድ ካላችሁ፣ ባለ 8 ማይክ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ) ሣጥን (ለምሳሌ ቤሪንገር ኤዲኤ 8200) በአንዲት ቀጭን የብርሃን ገመድ ይገናኛል፤ ገመዱ በ44.1 ወይም በ48 ኪሎኸርዝ 8 ቻናል፣ በ96 ደግሞ 4 ቻናል ያሳልፋል። ሰዓቱም በዚያው ገመድ አብሮ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን «ኤክስተርናል» ላይ ማድረግ እንዳትረሱ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ከያዙ በየመሀሉ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ብዙ ሰው እሱን ሲሰማ ገመዱ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል።

ጉለሌ_ክራር | ማክሰኞ ማታ 1፡50

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ነው የገባኝ። እንግዲህ ብዙ መግቢያ ያለው አንድ ካርድ ማለት ነው። ስንት መግቢያ ይበቃኛል? ዋጋውን ስጠይቅ ዞሮብኛል፤ ባለ ሁለቱና ባለ ስምንቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ባለገመዱ | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ቁጠር። ድምፃዊት 1። ክራር 1። ማሲንቆ 1። ዋሽንት 1። ከበሮ 2፣ ትልቁም ትንሹም ፊት ስለሚመታ። እዚህ ላይ 6 ሆነ። ጭብጨባና ተቀባዮች ካሉ 1 ወይም 2። ስለዚህ 8።

አሁን ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር እንዳትሸወድ። «18 መግቢያ» የሚሉት ካርዶች 18 ማይክ አይሰካባቸውም። ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20ን ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ 1820ን ብታይ 8 የማይክ ፕሪአምፕ ነው ያላቸው፤ ሌላው 8 ሲልቨር ያለው አዳት ነው፣ የቀረው 2 ዲጂታል መግቢያ ነው። ስካርሌት 4አይ4 ደግሞ 4 መግቢያ ቢልም ማይክ የሚቀበሉት 2ቱ ናቸው። ሻጩን «ስንት ማይክ ፕሪአምፕ አለው?» በለው። ሌላውን አትጠይቀው።

አንተ ግን መድረክም ላይ ስለምትጫወት ካርዱን ብቻ አትይ። ቤሪንገር ኤክስአር 18 ዓይነት ዲጂታል ሚክሰር 16 ማይክ ይቀበላል፣ በዩኤስቢም 18 ቻናል ለየብቻው ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ያው ዕቃ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ሚክሰር ይሆንሃል፣ ሰኞ ስቱዲዮ። ለአንድ አልበም ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትግዛ። ሳውንድ የሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ ኤክስ 32 ሞልቷል፤ 32 ቻናል በዩኤስቢ ይሰጣል። በሥራ ቀን ተከራየው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ስላለ አይገኝም።

ጋሽ_ቴፕ | ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ በሪል ቴፕ ዘመን ድምፅ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨዋታችሁን በደስታ ነው የተከታተልኩት፤ ግን አንድ ነገር አልጠየቃችሁትም። ለምን መለየት ፈለገ?

ሌስ ፖል የተባለው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ባለ 8 ትራክ የቴፕ ማሽኑን ከአምፔክስ ኩባንያ የተረከበው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ባንዱና ዘፋኙ አብረው እየተጫወቱ ነበር የሚቀዱት። ሚዛኑ የሚስተካከለው ከቀረፃው በፊት ነበር። ብዙ ትራክ ወደ ሰው መኖሪያ ቤት መግባት የጀመረው ታስካም በ1979 እ.ኤ.አ. በካሴት የሚሠራውን ባለ 4 ትራክ ፖርታስቱዲዮ ሲያወጣ ነው።

እኛ ከበሮው ሲበዛብን የምንነካው ቁልፍ አልነበረም፣ ከበሮ መቺውን ነበር ወደ ኋላ የምንወስደው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሜዳ ላይ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ከዚያ ያነሰ ነው፣ ግን ይሰማል። ክራሩ ደካማ ነው፣ ወደ ማይኩ ቅረብ። ማሲንቆው ይጮኻል፣ ጎን ዞር በል። ድምፃዊቷ ከማይኩ አንድ ስንዝር። በሁለት ጥሩ ማይክ ይህ አምስት ሰው በደንብ ይቀዳል። ባለገመዱ እንደነገረህ ሁለት ቻናል ብቻ የሚያወጣው ሚክሰርህ ይበቃሃል፤ ገንዘብህን ለመልካም ማይክ አውጣው።

ቤቲ_ሚክስ | ረቡዕ ጠዋት 4፡00

ጋሼ እንኳን ደህና መጡልን፤ እርስዎ ሲጽፉ ደስ ይለናል። ሰውን ማንቀሳቀሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ማይኩን እንጂ ወንበሩን አያንቀሳቅስም።

በሁለት ማይክ ይበቃል ያሉት ላይ ግን ልከራከርዎት። ያኔ ባንዶቹ ማታ ማታ ሲሠሩ የሰነበቱ፣ ዘፈኑን በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቁ ነበሩ። ክፍሉም ቢሆን ይታሰብበት ነበር። የእሱ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ኮርኒስ አናውቅም፤ ሁለት ማይክ ደግሞ ከሰዎቹ እኩል ክፍሉን ነው የሚቀዳው። ክፍሉ መጥፎ ከሆነ ማይክ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ለየብቻ መያዙ ነው የሚያድነው።

ደግሞ ማንም የማይናገረው ነገር፣ ስምንት ትራክ ስላለህ ስምንት የተለየ ድምፅ አለህ ማለት አይደለም። የድምፃዊቷ ድምፅ በማሲንቆው ማይክ ውስጥ ከገባ፣ ስንኝ ብትስት እሷን ብቻ ደግመህ መቅዳት አትችልም፤ የመጀመሪያው ስህተት ከማሲንቆው ጀርባ ይሰማል። ስለዚህ እሷን መኝታ ቤት አስገብተህ በሩን ገርበብ አድርግ፣ ሄድፎን ስጣት። የቀሩትን አንድ ላይ አስቀምጥ። በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከመሣሪያው ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ክራሩ ከማይኩ 30 ሳንቲ ከሆነ ቀጣዩ ማይክ ከ90 ሳንቲ አይቅረብ።

ጋሽ_ቴፕ | ረቡዕ ጠዋት 4፡45

ቤቲ ልጄ፣ ስለ ክፍሉ ያልሽው እውነት ነው። ዘፋኟን ከማሲንቆው ለይተሽ ሌላ ክፍል ማስገባቱ ግን አልተዋጠልኝም። ማሲንቆ መቺ የዘፋኝን አፍ እያየ ነው የሚመታው። ቢያንስ በበሩ ይተያዩ።

ዱባይ_ኪቦርድ | ረቡዕ ማታ 3፡10

እኔ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይገባኝም። ባለ ሁለት መግቢያ ካርድ፣ ሜትሮኖም ጆሮ ላይ፣ አንድ በአንድ መቅዳት። ከበሮ፣ ከዚያ ክራር፣ ከዚያ ማሲንቆ... ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ለየብቻ። ሥራዬን ሁሉ የምሠራው እንዲህ ነው።

ባለገመዱ | ረቡዕ ማታ 3፡40

አንተ ኪቦርድ ስለሆንክ ነዋ። ምቱን አንዴ ዘርግተህ ላዩ ላይ ትደረድራለህ፣ ያምራል። የባህል ቡድን ግን ዘፈኑ ሲሞቅ ይፈጥናል። ድምፃዊቷ «እህ» ብላ አንድ ዙር ከጨመረች ሁሉም አብሮ ይጨምራል። ከበሮ መቺው ለብቻው ቁጭ ብሎ ቲክ ቲክ እየሰማ ይህንን ከየት ያመጣዋል? ሞክረው የሚያውቁ ያውቁታል፤ ልክ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሞተ ነው።

መሀሉ ይሻላል። ከበሮ፣ ክራርና ማሲንቆ ከድምፃዊቷ መምሪያ ድምፅ ጋር በአንድ ጊዜ። ዋሽንቱን በኋላ መጨመር ይቻላል፤ ዋሽንት ትንፋሹ ስስ ስለሆነ ከከበሮው ጋር አንድ ክፍል ካስገባኸው በማይኩ የምትሰማው ከበሮ ነው። ድምፃዊቷም ከፈለገች በኋላ ትደግመዋለች።

ጉለሌ_ክራር | እሑድ ማታ 1፡05

ሰላም ቤተሰብ። ባለ 8 መግቢያ ካርድ ከአንድ ወዳጄ ተውሻለሁ፣ ሰኞ ከሳምንት ይመለሳል። ችግሮቼን ልደርድር፦ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚታየኝ 2 መግቢያ ብቻ ነው። ሄድፎን ላይ ድምፃዊቷ የራሷን ድምፅ ዘግይቶ ነው የምትሰማው። ቻርጀር ስሰካ እምምም የሚል ጉምጉምታ አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ ቀረፃው ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማል።

ቤቲ_ሚክስ | እሑድ ማታ 2፡20

2 ብቻ የሚታይህ የዊንዶውስን ተራ ድራይቨር ስለመረጥክ ነው። የካርዱን የራሱን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርደህ ጫን፣ ፕሮግራሙ ውስጥ አሲዮን ምረጥ። ኦዳሲቲ የሚባለው የቀረፃ ፕሮግራም ከሆነ የምትጠቀመው አትታገል፤ ለረጅም ዓመታት አሲዮ ሳይኖረው ነው ሲሰራጭ የኖረው። ሪፐር የተባለውን ፕሮግራም አውርድ፤ 60 ቀን ሙሉ በሙሉ ያሠራል፣ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ፕሪፈረንስ፣ ኦዲዮ፣ ዲቫይስ ውስጥ ገብተህ አሲዮን ከመረጥክ በኋላ የመጀመሪያውን መግቢያ 1፣ የመጨረሻውን 8 አድርግ። ከዚያ ስምንት ትራክ ክፈትና ለእያንዳንዱ መግቢያውን ለይተህ ስጥ፤ ትራክ 1 ሞኖ መግቢያ 1፣ ትራክ 2 ሞኖ መግቢያ 2፣ እንዲያ እያልክ። ቀዩን ቁልፍ በስምንቱም ላይ አብራ። ስማቸውን ከመቅዳትህ በፊት ጻፍ፣ ፋይሎቹ በዚያ ስም ነው የሚቀመጡት።

መዘግየቱ የበፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅምበት ቋት) መጠን ነው። 1024 ናሙና በ48 ኪሎኸርዝ 21 ሚሊሰከንድ ነው፣ መግቢያውና መውጫው ሲደመር እጥፍ ይሆናል። 64 ብታደርገው 1.3 ብቻ ነው፣ ግን ላፕቶፑ ይጨናነቅና ያ ጠቅ ጠቅ ይበዛል። ስለዚህ ከሁለቱ ጋር አትታገል፦ ድምፁ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ከካርዱ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚሄድበት ዳይሬክት ሞኒተር የሚሉት አለ፣ እሱን ተጠቀም። ከዚያ በፈሩን 512 ወይም 1024 ላይ አድርገህ በሰላም ቅዳ። ሪፐር ውስጥ ያለውን ሞኒተር አጥፋው፤ ካላጠፋኸው ሁለት ጊዜ ትሰማለች። ዋይፋዩን ዝጋ፣ ላፕቶፑ ኃይል ቆጣቢ ላይ እንዳይሆን።

ባለገመዱ | እሑድ ማታ 3፡00

ጉምጉምታው የመብራቱ 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው። ቻርጀሩን ነቅለህ ከጠፋ ነገሩ የኧርዝ ዙር ነው፤ ዕቃዎቹ ከመሬት ጋር በሁለት መንገድ ተያይዘዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም፣ ካርዱንም ላፕቶፑንም የክራሩን ማጉያም፣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ካልጠፋ ላፕቶፑን በባትሪ አሠራው። ክራርህ ፒክአፕ ካለው በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለማይክ መግቢያ የሚያመቻች ሣጥን) አሳልፈውና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ጫን። የፕለጉን ሦስተኛ እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ አታድርገው። ያቺ እግር ዕቃው ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ማይኩን የያዘችውን ድምፃዊት እንዳይመታት ነው ያለችው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕህ ባትሪ አለው፣ ባለ 8 ካርዱ ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው ይጠፋል፣ ቀረፃውም ይቆማል። ትንሽ ዩፒኤስ ካገኘህ ካርዱን እሱ ላይ ሰካ። ካርድ ብዙ መብራት አይበላም፣ ዘፈኑን ያስጨርስሃል።

ዲስክ፦ በ24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ነው። 8 ትራክ 69፣ በሰዓት 4.15 ጊጋባይት ገደማ። በፍላሽ ላይ አትቅዳ፣ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ቅዳና ማታ ወደ ሌላ ገልብጠው። ስምንቱን ቻናል በአንድ የዌቭ ፋይል ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፣ ግን ተራው ዌቭ 4 ጊጋ ላይ ስለሚያበቃ አንድ ሰዓት አካባቢ ስትደርስ ግድግዳ ትገጫለህ። ለየብቻ ሞኖ ፋይል ይሁኑ።

ጋሽ_ቴፕ | ሰኞ ጠዋት 2፡30

ማይክ አቀማመጡን ማንም አልነገረውም። ክራሩን ከቆዳው ፊት ለፊት 25 ሳንቲ ያህል፣ የጣትህ ኳኳታ ከበዛ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ በል። ማሲንቆውን ከቆዳው በኩል፤ ወደ ደጋኑ ከቀረብክ የጭራው ፉጨት ያይላል። ዋሽንቱን ከአፉ ፊት ሳይሆን ከጣቶቹ በላይ፣ ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው።

ከበሮው ሁለት ማይክ ስለተሰጠው ተጠንቀቅ። ትልቁን ፊት ሲመቱት ያ ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማዶ ያለው ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ ማይኮች የሚያዩት ተቃራኒ ነው፤ ስትደምራቸው ቤዙ ይጠፋል። ከአንዱ ትራክ ላይ ፖላሪቲ (የድምፁን ሞገድ አቅጣጫ) የሚገለብጠውን ቁልፍ ጫንና ሁለቱንም አብረህ ስማ። ሆዱ የሚሞላበት ነው ትክክሉ።

ጌይኑን (የማይኩን የመቀበያ መጠን) ስታስተካክል መቺውን «አንዴ ምታልኝ» አትበለው፣ ዘፈኑን ይጫወት። ለብቻው ሲመታና ዘፈኑ ሲሞቅ አንድ አይደለም።

ቤቲ_ሚክስ | ሰኞ ጠዋት 3፡05

ጋሼ ይኑሩልን። በቁጥር ለሚፈልግ፦ ትልቁ ምት ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቀር አድርግ። 24 ቢት ስለሆነ ዝቅ ብሎ መቀዳቱ አይጎዳውም፣ ቀይ ከነካ ግን አይመለስም። ካርዱ ወደ ማይክ የሚልከውን 48 ቮልት ያለ እሱ ለማይሠሩት ለኮንደንሰር ማይኮች ብቻ አብራ፤ በአንዳንድ ካርዶች ለአራት አራት ቻናል ተያይዞ ነው የሚበራው፣ ኤስኤም 58 ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ በደህና ኤክስኤልአር ገመድ ከተሰካ ምንም አይሆንም።

ጉለሌ_ክራር | ዓርብ ማታ 4፡30

ሦስት ዘፈን ገባ። ስምንቱም ለየብቻ! ድምፃዊቷን ኮሪደሩ ላይ አቆምናት፣ ማሲንቆው በበሩ ያያታል። ሲልቨር ወንድሜ በውስጥ መልእክት ሚክሱን እሞክርልሃለሁ ብለኸኝ ነበር፤ እንዴት ልላክልህ? የሪፐሩን ፎልደር ብቻ ላድርገው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ ማታ 5፡15

እኔ ሪፐር የለኝም፣ ሎጂክ የተባለውን የማክ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። ስለዚህ ፎልደሩ አይጠቅመኝም። እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ መነሻ፣ ከዜሮ ጀምረህ እስከ መጨረሻው እኩል ርዝመት ያለው ዌቭ አድርገህ አውጣ፤ ዋሽንቱ ደቂቃ 2 ላይ ቢጀምርም ፊቱ ያለው ዝምታ አብሮ ይምጣ። ያኔ እኔ ጋ ሁሉንም መነሻው ላይ ስጥላቸው በራሳቸው ይገጥማሉ። 24 ቢት፣ 48፣ ሞኖ። ሪቨርብና ኢኪው አታድርግባቸው። ኢንተርኔቱ ካስቸገረህ ፍላክ አድርገው፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ጥራቱን አይነካም። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላከው፤ ዚፕ ካደረግከው አንዱ ዚፕ ከ2 ጊጋ አይለፍ።

ጉለሌ_ክራር | ቅዳሜ ከሰዓት 9፡40

ልኬያለሁ። ለየዘፈኑ አንድ አንድ ዚፕ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | እሑድ ጠዋት 1፡10

ደረሱኝ፣ ሁሉም ገጥመዋል። የከበሮው ትንሹ ፊት በሁለተኛው ዘፈን አልተገለበጠም፣ እኔ እገለብጠዋለሁ። ሦስተኛው ላይ የዋሽንቱ ፋይል የለም፤ ሰባት ትራክ ብቻ ነው ያለው። እሱን ፈልገህ ላክልኝ፣ ካርዱን ሳትመልስ።